ወይራን ቦንሳይ ማድረግ፦ ከችግኝ እስከ ዝርግ ሸክላ፣ ደረጃ በደረጃ

ቦንሳይ ማለት ዛፍን በዝርግ ሸክላ ውስጥ አሳንሶ፣ ቅርጽ እያስያዙ ማሳደግ ነው። ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚያወሩት ነገር ይመሳሰላል። ችግኝ ገዙ። ሥሩን ቆረጡ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ ጠመዘዙ፣ በዚያው ቀን በዝርግ ሸክላ ተክለው ሳሎን አስቀመጡት። ለጥቂት ሳምንት ደህና ይመስላል። ከዚያ ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል።

እጃቸው መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሥራው ተራ ተገልብጦባቸው ነው። በአንድ ቅዳሜ የጨረሱት ሥራ ለዓመታት ተከፋፍሎ የሚሠራ ነው። ትክክለኛው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሥር፣ ቀጥሎ ግንድ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ፣ ሸክላው መጨረሻ።

አንድ ሕግ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያዙልኝ። በአንድ ዓመት አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ሥሩ። ሥሩን በነካችሁበት ዓመት ግንዱን አትቁረጡ። ግንዱን በቆረጣችሁበት ዓመት አፈሩን አትቀይሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለወይራ ነው፤ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ለሚበቅለው ለእኛው ወይራ። ከሁለት ነገር የተነሳ ለጀማሪ ይሆናል። ግንዱ ሲቆረጥ ካረጀው ቅርፊት ውስጥ እንኳ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ቅጠሉም ከመጀመሪያው ትንሽ ስለሆነ በትንሽ ዛፍ ላይ አያስቀይምም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜ። ከችግኝ ከተነሳችሁ ዛፍ የሚመስል ነገር ለማየት ከ5 እስከ 8 ዓመት አስቡ። ወይራ ቶሎ አያድግም። ቶሎ የሚደርስ ነገር ከፈለጋችሁ ወፈር ያለ ግንድ ያለው ወይራ ከችግኝ ሻጭ ፈልጉና ከደረጃ 5 ጀምሩ።

ቦታ። ወይራ የቤት ውስጥ ተክል አይደለም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ይበቃል፤ ግን የጠዋት ወይም የከሰዓት ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ መሆን አለበት። በረንዳችሁ ቀኑን ሙሉ ጥላ ከሆነ ወይራ አትጀምሩ። ለእናንተ የሚሻለው ጥላ የሚችለው የቤት ውስጥ ተክል፣ ፋይከስ ነው።

ዕቃ። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

- የተሳለ የአትክልት መቀስ እና ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ትንሽ መጋዝ
- ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ
- የአሸዋ ወንፊት (ስለ ስፋቱ ደረጃ 2 ላይ ታገኛላችሁ)
- የመስኮት መረብ ቁራጭ፣ አፈር ለመንፋትና የሸክላ ቀዳዳ ለመሸፈን
- ጫፉ የሾለ ቀጭን እንጨት፣ ሥር ለመፍታትና አፈር ለመጠቅጠቅ
- ነጭ የእንጨት ኮላ፣ የቁስል መሸፈኛ
- አልኮል፣ ብረቱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስታሻግሩ ለመጥረግ

ለቦንሳይ ተብሎ የተሠራ ውድ መቀስ ገና አትግዙ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም አይጨምርላችሁም።

## ደረጃ 1፦ ችግኙን ምረጡ

1. ወይራ መሆኑን አረጋግጡ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ከላይ ጠቆር ያለ አንጸባራቂ አረንጓዴ ናቸው። ገልበጥ ስታደርጉት ጀርባው ወርቃማ ወይም ቡናማ ነው።
2. ከታች ጀምራችሁ እዩ። ብዙ ሰው ችግኝ ሲገዛ ጫፉን ያያል። ጫፉ ይቆረጣል፤ አይጠቅማችሁም። አፈሩን በጣታችሁ ትንሽ ገፋ አድርጉና ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበትን እዩ። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ የሚቀጥን ግንድ ውሰዱ።
3. ትንሽ ጠመም ያለ ይሻላል። ሌላ ገዢ የማይፈልገው ጎባጣ ችግኝ ለእናንተ ጥሩ ነው።
4. ፕላስቲኩን ከታች እዩት። ወፍራም ሥር ፕላስቲኩን ቀዶ መሬት ውስጥ ከገባ ተዉት። ሲነቀል ያ ሥር ይበጠሳል።

ሁለት ወይም ሦስት ችግኝ ግዙ። አንዱ ቢሞት ሥራው አይቋረጥም፤ እጃችሁንም በሌላው ትፈታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢም ሆነ ከተጠበቀ ደን ወይራ አትንቀሉ። ያረጀ ወይራ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ለቤት ግንባታ ቦታ ሲጠረግ የሚነቀል ወይራ ካጋጠማችሁና ባለቤቱ ከፈቀደ ግን ደስ ብሏችሁ ውሰዱት።

ከዘር ለመጀመር ከፈለጋችሁ፦ የበሰለውን ፍሬ ሥጋውን ልጣችሁ እጠቡ። የውስጡ ፍሬ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ሹል ጫፉን በፒንሳ በጥንቃቄ ጥቂት ስበሩና ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ከተዘራ በኋላ አንዱ በሳምንታት ሲበቅል ሌላው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ዝሩ፣ ቶሎም አትገልብጡት።

## ደረጃ 2፦ አፈሩን አዘጋጁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በሸክላ ውስጥ ከሚሞቱ ዛፎች ብዙዎቹን የሚገድለው አፈሩ ነው። የጓሮ አፈር መሬት ላይ ጥሩ ነው። ጥልቀት በሌለው ሸክላ ውስጥ ግን ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ያቁራል፣ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጥቁር ዋልካ አፈርማ ጨርሶ አይታሰብ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሌላ አገር ያሉ የቦንሳይ ሰዎች በውድ የሚገዙት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እኛ ዘንድ መንገድ ዳር ተቆልሎ ይገኛል። ቤት ሲሠራ የሚደፋው ሬድ አሽ እሱ ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ነጣ ያለው ቀላል ድንጋይ ደግሞ ፑሚስ ይባላል። ሁለቱም በውስጣቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ስላላቸው ውሃ ይይዛሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ አየር ያሳልፋሉ።

1. ሬድ አሹን በአሸዋ ወንፊት ንፉ። ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ለዩ።
2. ያለፈውን በመስኮት መረብ ላይ ድጋሚ ንፉ። የሚወርደውን ብናኝ አስወግዱ። የምትፈልጉት በመረቡ ላይ የቀረውን ነው።
3. ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። ይህን አትዝለሉ። ብናኙ ከቀረ ታች ይቀመጥና የሸክላውን ወለል ይደፍናል።
4. 2 እጅ ሬድ አሽ፣ 1 እጅ ፑሚስ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ፑሚስ ካጣችሁ 3 እጅ ሬድ አሽ ከ1 እጅ ኮምፖስት ጋር ይበቃል። ዝናብ የሚበዛበት ቦታ ከሆናችሁ ኮምፖስቱን በግማሽ ቀንሱ።

ፈትኑት። ቀዳዳ ባለው ዕቃ ሞልታችሁ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው ከታች መውጣት አለበት። ላዩ ላይ ኩሬ ከሠራ ብናኝ አለበት ማለት ነው፤ መልሳችሁ እጠቡት።

## ደረጃ 3፦ ሥሩን አስተካክሉ

መቼ? ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ። የሌሊቱ ብርድ ለቆ ሙቀት ሲገባ ዛፉ አዲስ ሥር ለማውጣት ይነሳሳል። ሐምሌና ነሐሴ ሥር አትቁረጡ። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ የተቆረጠ ሥር ይበሰብሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዛፉ ቁስሉን ቶሎ አይሞላም።

1. ከአንድ ቀን በፊት ውሃ አጠጡ። በደረቀ ሥር አትሥሩ።
2. ፕላስቲኩን በጎን ቅደዱት። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ።
3. በሾለው እንጨት ከውጭ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከግንዱ ወደ ውጭ አፈሩን ፍቱ። ሥሩን እያበጠራችሁ ዘርጉት።
4. በፕላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን የተጠመጠመውን ሥር ቁረጡ። ካልተቆረጠ ከዓመታት በኋላ ግንዱን ያንቃል።
5. ቁልቁል የወረደውን ዋና ሥር ከግንዱ ሥር ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ይህን የምታደርጉት ግን ከቁርጡ በላይ ወደ ጎን የወጡ ቀጫጭን ሥሮች ካሉ ብቻ ነው።
6. ከአጠቃላይ ሥሩ ከሲሶ በላይ አትቀንሱ።
7. ሰፊና ቀዳዳ ያለው ዕቃ ውስጥ ትከሉ። የፕላስቲክ ማጥለያ ወይም በጎኑ የተበሳ ሳፋ ከሁሉም ይሻላል። ሥሩ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አየር ይነካውና ጫፉ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቅርንጫፍ ያበዛል።
8. ዛፉን በሲባጎ ከዕቃው ጋር እሰሩት። የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ሥሩ በየቀኑ ይበጠሳል።
9. ውሃ እስኪያንጠፈጥፍ አጠጡና ለ3 ሳምንት ቀለል ያለ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ መልሱት።

ቅጠሉን አሁን አትንኩ። አዲሱን ሥር የሚመግበው ቅጠሉ ነው።

ዋና ሥሩ ጎን ሥር ከሌለው፦ በአንዴ አትቁረጡት። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ብቻ አሳጥራችሁ መልሳችሁ ትከሉ። ከ12 ወር በኋላ ስትከፍቱት ከላይ አዲስ ሥር ታገኛላችሁ፤ ያኔ ቀሪውን ቁረጡ።

አንድ የወይራ ጠባይ ልብ በሉ። በወይራ ግንድ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ ሥር ከእሱ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ በቀጥታ የመመገብ ዝንባሌ አለው። በአንድ ጎን ያለውን ወፍራም ሥር ሙሉ በሙሉ ካስወገዳችሁ በዚያው ጎን ያለው ቅርንጫፍ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ሥር ስትቀንሱ ዙሪያውን እኩል ቀንሱ።

## ደረጃ 4፦ ግንዱን አወፍሩ

ይህ ረጅሙና ትዕግሥት የሚጠይቀው ደረጃ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ግንድ የሚወፍረው ቅጠል ሲበዛ ነው። በየሳምንቱ ጫፉን የምትከረክሙት ችግኝ ለ10 ዓመትም እርሳስ ያህል ሆኖ ይቀራል።

1. ግቢ ካላችሁ መሬት ላይ ትከሉት። ከሥሩ በታች የሴራሚክ ቁራጭ አንጥፉ። ሥሩ ወደ ታች መሄድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይዘረጋል፤ በኋላ ለሸክላ የምትፈልጉት ሥር ይህ ነው።
2. ግቢ ከሌላችሁ ባለፈው ማጥለያ ወይም ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቆይ።
3. ጫፉን ልቀቁት። 1 ሜትር ተኩል ቢደርስ አትደንግጡ።
4. ከግንዱ ታች የወጡ ትንንሽ ቅርንጫፎችን አትመልምሉ። ታችኛውን ክፍል የሚያወፍሩት እነሱ ናቸው።
5. ከሥሩ ዙሪያ የሚወጡ ቡቃያዎችን ግን በየጊዜው አንሱ። እነሱ ጉልበት ይሻማሉ።
6. በሙቀቱና በዝናቡ ወራት በየወሩ መግቡት (ደረጃ 8 ተመልከቱ)።

መሬት ላይ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ በዕቃ ውስጥ ከዚያ በላይ ይወስዳል። መቼ ይበቃል? በሐሳባችሁ የመጨረሻውን ዛፍ ቁመት ያዙና ለ6 አካፍሉት። ግንዱ ከታች ያን ያህል ሲወፍር ደርሷል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቦንሳይ ከፈለጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጠብቁ።

መሬት ላይ ያለውን ዛፍ በየዓመቱ የካቲት ላይ ከግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ዙሪያውን በግማሽ በግማሽ እያደረጋችሁ፣ በአካፋ ቁልቁል ውጉት። ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ ከርሞ ሌላውን። ይህ ከተደረገ በመጨረሻ ስትነቅሉት ቀጫጭን ሥር ቅርብ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

## ደረጃ 5፦ ግንዱን ቁረጡ

እዚህ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። አይዟችሁ። ወይራ ይህን ይችላል፤ ጤነኛ ከሆነ። ቅጠሉ የገረጣ ወይም ባለፈው ዓመት ሥሩ የተነካ ዛፍ ከሆነ ግን መቁረጡን ለአንድ ዓመት አቆዩት።

መቼ? መጋቢት ወይም ሚያዝያ።

1. የመጨረሻውን ቁመት ሲሶ ለኩ። ለ30 ሴንቲ ሜትር ዛፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ።
2. ከምልክቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ በመጋዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ያ ትርፍ 3 ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያ ነው፤ ከቁርጡ ጫፍ ጥቂት ወደ ታች መድረቁ አይቀርም።
3. የቁርጡን ጠርዝ በስለት አለስልሱና ኮላ ቀቡ።
4. ውሃ ቀንሱ። ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ አይጠጣም። አፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጡ።
5. ማዳበሪያ አትስጡ፤ ቡቃያው ጣት እስኪያህል ጠብቁ።
6. የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ተዉት። ቸኩላችሁ አትልቀሙ።
7. ቡቃያዎቹ 15 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ ለቁርጡ ቅርብ የሆነውን አንድ ብርቱ ቡቃያ እንደ አዲስ ጫፍ ምረጡ። በዓመቱ ከእሱ ትይዩ ያለውን ጉቶ አዘንብላችሁ ቁረጡት።

አዲሱ ጫፍ ደግሞ ከታቹ ግንድ ግማሽ ያህል እስኪወፍር ሳይነካ ይደግ። ከዚያ እሱንም አሳጥሩት። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ግንዱ ከታች ወፍራም፣ ወደ ላይ ቀጭን፣ ሲሄድም ዘወር ዘወር የሚል ይሆናል።

ቡቃያ ካልወጣ፦ ሁለት ወር እስኪያልፍ አትጨነቁ። ከዚያ ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጫሩ። ከሥሩ አረንጓዴ ካያችሁ ሕያው ነው፤ ጠብቁት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ድጋሚ ጫሩ።

የተቆረጠውን ግንድ አትጣሉት። ለጋን ወይም ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚፈልግ ጎረቤት አይጠፋም።

## ደረጃ 6፦ ቅርንጫፍ ምረጡና በሽቦ አሲዙ

በመጀመሪያ ምን ዓይነት ዛፍ እንደምትሠሩ ወስኑ። እኔ አጥብቄ የምመክረው ወይራን ወይራ እንድታስመስሉት ነው። በድሮ ደብሮች ግቢ ያሉትን ያረጁ ወይራዎች ሄዳችሁ እዩ። ግንዳቸው ገደል ገደል አለው፣ ቅርንጫፋቸው ቶሎ ይከፋፈላል፣ አናታቸው ክብ ነው። ከጃፓን ጥድ ፎቶ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለውን ቅርጽ ገልብጣችሁ ብትጭኑበት የማያምርበትም ለዚህ ነው።

### ምርጫው

1. የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ከቁመቱ ሲሶ አካባቢ ያዙ።
2. ቀጣዩን በተቃራኒ ጎን፣ ሦስተኛውን ወደ ኋላ። ወደ ፊት ወደ ተመልካች የሚመጣ ወፍራም ቅርንጫፍ ከታች አታስቀሩ።
3. ወይራ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚያቆጠቁጥ በአንድ አንጓ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ይወጣል። አንዱን አስወግዱ። ሁለቱም ከቀሩ ግንዱ እዚያ ቦታ ላይ እያበጠ ይሄዳል።
4. ቅርንጫፉ በግንዱ ኩርባ ውጫዊ ጎን ላይ ቢሆን ይመረጣል።

### ሽቦው

የወይራ እንጨት ጠንካራ ነው። አውራ ጣት ያህል የሆነ ቅርንጫፍ አይታጠፍም፤ ከመነሻው ይገነጠላል። ሽቦ የሚሠራው ከእርሳስ በቀጠነ፣ ገና አረንጓዴነቱ ባልለቀቀው ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ከመብራት ገመድ የተላጠ ድፍን መዳብ ጥሩ ነው። ባለ 1.5 ካሬው ለቀጫጭኖቹ፣ ባለ 2.5 እና ባለ 4 ካሬው ለወፈር ላሉት ይሆናል። የሽቦው ውፍረት ከቅርንጫፉ ሲሶ ያህል ይሁን። ብረት ማሰሪያውን ጥቁር ሽቦ አትጠቀሙ፤ ይዝጋል፣ ቅርፊቱንም ይቆርጣል።

1. ከመጠምዘዛችሁ በፊት ለአንድ ቀን ውሃ አታጠጡ። ትንሽ ጠወለግ ያለ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይታጠፋል።
2. የሽቦውን አንድ ጫፍ ግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ አስይዙ። ያልተያዘ ሽቦ አያጥፍም።
3. ከቅርንጫፉ ጋር 45 ዲግሪ ያህል እያዘነበላችሁ ጠምጥሙ። አታጥብቁት፣ አታላሉትም። ቅጠል ከሽቦው ሥር አታስገቡ።
4. በሁለት እጅ ያዙና በአውራ ጣታችሁ እየደገፋችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉ። አንዴ ካጠፋችሁ ወዲያ ወዲህ አትመላልሱት።
5. በየሁለት ሳምንቱ እዩት። ሽቦው ቅርፊቱን መጫን ሲጀምር በፒንሳ ቆራርጣችሁ አውጡት። እጥፉን ልፍታ ብትሉ ቅርንጫፉን ትሰብራላችሁ።

ቢሰነጠቅስ? ወዲያው አቁሙ። ወደ ነበረበት ጥቂት መልሱት፣ ስንጥቁን በኮላ ሸፍኑ፣ በላስቲክ እሰሩና ለዓመት አትንኩት። ግማሹ ቅርፊት ከተያያዘ ይድናል።

ወፍራሙን ቅርንጫፍ ዝቅ ለማድረግ ሌላ መንገድ አለ። ከቅርንጫፉ ላይ ሲባጎ አስራችሁ ከዕቃው ጠርዝ ጋር ወጥሩት። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። ቅርፊቱን እንዳይቆርጥ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርጉ።

ሽቦ ካልወደዳችሁ ደግሞ በመቀስ ብቻ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል። በደቡብ ቻይና በሊንግናን የሚሠሩበት መንገድ ይህ ነው። ቅርንጫፉን እንዲያድግ ትለቁታላችሁ፣ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ከሚያይ ቡቃያ በላይ ትቆርጣላችሁ፣ እንደገና ትለቁታላችሁ። ቀርፋፋ ነው። ለወይራ ግን ከሽቦ የሚሻል ይመስለኛል።

## ደረጃ 7፦ ወደ ዝርግ ሸክላ አዛውሩ

ግንዱ ሲወፍር፣ ዋና ዋና ቅርንጫፎቹ ቦታቸውን ሲይዙ አሁን ሸክላ አስቡ። ዛፉ በሸክላ ውስጥ ከገባ በኋላ መወፈሩን ከሞላ ጎደል ያቆማል። ያልተጨረሰ ግንድ እንዳልተጨረሰ ይቀራል።

መጠን፦ ርዝመቱ የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት ያህል። ሸክላ ሠሪ ካዘዛችሁ ሳይተኮስ በፊት ከታች ሁለት ሰፋፊ ቀዳዳ፣ ከጎናቸው ለማሰሪያ ሽቦ ሁለት ጠባብ ቀዳዳ እንዲበሱላችሁ ንገሩ። ከታች ትንንሽ እግር ይኑረው፤ መሬት ላይ ከተለጠፈ ውሃው አይወጣም።

1. ቀዳዳዎቹን በመረብ ሸፍኑ። የማሰሪያ ሽቦውን ከታች ወደ ላይ አሳልፉ።
2. በደረጃ 3 ባለው አሠራር ሥሩን ፍቱና ከታች ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። አሁንም ከሲሶ አትለፉ። ሸክላው ውስጥ ካልገባ መሃል ላይ ያለ መካከለኛ ዕቃ ተጠቀሙና ለከርሞ አቆዩት።
3. አፈር አንጥፉ፣ ዛፉን ከመሃል ጥቂት ወደ ጎን አስቀምጡ፣ ሽቦውን በሥሩ ላይ ተሻግራችሁ አጥብቁ። ሸክላውን በግንዱ ይዛችሁ ስታነሱት ዛፉ መነቃነቅ የለበትም።
4. አፈር ጨምሩና በሾለው እንጨት በሥሮቹ መካከል አስገቡ። ባዶ ቦታ የቀረበት ሥር ይደርቃል።
5. ከታች የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል አጠጡ።
6. 3 ሳምንት ጥላ። 6 ሳምንት ያለ ማዳበሪያ። በዚያ ዓመት ያለ ሽቦ።

ከዚያ በኋላ ውሃ መስረግ ሲያቅተው፣ በአብዛኛው በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ፣ አፈሩን ቀይሩ።

## ደረጃ 8፦ የየዕለት እንክብካቤ

ውሃ። በቀን መቁጠሪያ አታጠጡ። ጣታችሁን 2 ሴንቲ ሜትር አስገቡ። ደርቆ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ስታጠጡ ከታች እስኪወጣ ድረስ ነው። በበጋ በዝርግ ሸክላ በየቀኑ ሊሆን ይችላል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ለዛፉ ብቻ አስቀምጡ። የዕቃ እጣቢ አትስጡት።

ክረምት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ካላባራ ከሸክላው በአንድ በኩል ሥር እንጨት አግቡና አዘንብሉት። ውሃው በሰያፍ ይወርዳል። ይህች ትንሽ ዘዴ ብዙ ዛፍ ታድናለች።

ማዳበሪያ። ኮምፖስት በውሃ ዘፍዝፋችሁ ያጠለላችሁት ውሃ በየሦስት ሳምንቱ ይበቃል። ዩሪያ ካላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውሃ በጥብጡና በወር አንዴ፣ ግንዱን በማወፈር ላይ እያላችሁ ብቻ። የዩሪያውን ፍሬ በቀጥታ አፈሩ ላይ አትበትኑ፤ ሥር ያቃጥላል። በሸክላ ውስጥ ያለ የተጠናቀቀ ዛፍ ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠሉ ይተልቃል፣ አንጓውም ይራራቃል።

መከርከም። አዲሱ ቅርንጫፍ 5 ወይም 6 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ወደ 2 ጥንድ መልሱት። ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር አዲስ ይወጣል።

## ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የአውሮፓውን ወይራ ከችግኝ ሱቅ ታገኛላችሁ፤ ከእኛው ጋር አንድ ዝርያ ስለሆነ አሠራሩ ያው ነው። በጋውን ውጭ ይቆይ። ሌሊቱ ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲወርድ ብርሃን ወዳለበት ቀዝቃዛ ክፍል አስገቡት፣ ውሃም ቀንሱ። ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡ። የሥርና የግንድ ሥራ በመጋቢትና በሚያዝያ ፈንታ ብርዱ ለቆ አዲስ ቡቃያ ማበጥ ሲጀምር ይሁን። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በየካቲት ጨርሱት። ከግንቦት እስከ መስከረም አትንኩት፤ ከሰዓቱንም ጥላ አድርጉለት።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ አፈሩም ይሸታል። ሥሩ በስብሷል። ወቅቱ ምንም ይሁን አውጡት። ጥቁርና ለስላሳ የሆነውን ሥር እስከ ጤነኛው ቁረጡ፣ በታጠበ ሬድ አሽ ብቻ ትከሉ፣ ጥላ ውስጥ አድርጉና ውሃ ቆጥቡ።

ቅጠሉ በርዝመቱ ይጠቀለላል። ውሃ ጠምቶታል። የወይራ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ ጥማቱን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ሸክላውን እንዳለ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ንከሩት። ይህ ከተደጋገመ አፈሩ ውሃ አላስገባ ብሏል፤ በየካቲት ቀይሩት።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥላሸት፣ ግንዱ ላይ ቡናማ እብጠት፣ ጉንዳንም ይመላለሳል። እብጠቱ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ነው፤ ጥላሸቱም ጉንዳኑም ከሱ የመጣ ነው። በጥርስ ብሩሽ ፍቃችሁ አውጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በምሽት ርጩ፣ በሳምንቱ ድገሙ።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ደረቀ። ከታቹ ያለውን ሥር ሳታውቁ ቆርጣችሁት ሊሆን ይችላል። ቶሎ አታስወግዱት። የወይራ ደረቅ እንጨት ቶሎ ስለማይበሰብስ ቅርፊቱን ልጣችሁ አሳጥራችሁ ብትተዉት ለዛፉ የዕድሜ መልክ ይሰጠዋል።

ሁሉም ደረቀ። በጥፍር ጫሩና እዩ። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ቢሆን እንኳ እስከሚቀጥለው መስከረም አታውጡት። አፈሩን በመጠኑ ብቻ እርጥብ አድርጉ። ወይራ ከሥሩ አካባቢ ዳግም ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ካቆጠቆጠ ብርቱውን አንድ ቡቃያ አስቀሩና ከደረጃ 4 ቀጥሉ።